ለእርጥበትና ለአየር ማናፈሻ የሚሆን ስማርት ቴርሞስታት እንዴት ይመረጣል?

«የትኛውን ስማርት ቴርሞስታት ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ፎቶም አብሮት ይመጣል። ወይ ጤዛ የቋጠረ መስኮት ነው፣ ወይ ጥጉ የጠቆረ ግድግዳ፣ ወይ 68 በመቶ የሚያሳይ የእርጥበት መለኪያ። እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ምኑን እንዲያዝላችሁ ነው የፈለጋችሁት?»

ቴርሞስታት በራሱ አየር አያስገባም፤ እርጥበትም አይመጥም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የሚያዘው ማሽን ከሌለ፣ ወይም ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ማሰሪያ ከሌለው፣ የሚያምር ስክሪን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ቤታችሁ ካለው ዕቃ ነው። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ከተከተላችሁ ሱቅ ስትደርሱ ሻጩን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያዎች
- የገበታ ጨው፣ የጠርሙስ ክዳንና አየር የማያስገባ ባለ ዚፕ ላስቲክ
- ካቻቢቴ
- የኤሌክትሪክ ቴስተር
- የወረቀት ፕላስተር፣ እስክሪብቶ፣ ሜትር
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- የማሞቂያችሁ፣ የኤሲያችሁና የአየር ማናፈሻችሁ ማኑዋል። ከጠፋ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

የነባሩን ቴርሞስታት ክዳን ከመንካታችሁ በፊት የማሞቂያውንም የኤሲውንም ብሬከር አጥፉ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በተለያየ ብሬከር ላይ ናቸው። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን የሚረሳ ብዙ ነው። ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ።

ክዳኑን ስትከፍቱ ወፋፍራም ሽቦዎች ካያችሁ፣ ወይም 120 ወይም 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ፣ እዚያው አቁሙ። አብዛኞቹ ስማርት ቴርሞስታቶች የተሠሩት ለ24 ቮልት ነው። ከዋናው መስመር ጋር ከተገናኙ ይቃጠላሉ፤ እሳትም ሊያስነሱ ይችላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ለዋናው መስመር ተብሎ የተሠራ ሞዴል አለ። እሱን ፈልጉ፤ ገጠማውንም ለባለሙያ ስጡ።

ቤት ውስጥ ጭሱን ያለ ፋን በራሱ በጭስ ማውጫ የሚያወጣ የጋዝ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ካለ፣ አየር ብቻ የሚያወጣ ፋን ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ አታድርጉ። ፋኑ የቤቱን አየር ሲስበው ጭሱ ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይኖር ይህን ሥራ አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ መለኪያውን ፈትኑ፣ ከዚያ ለኩ

ትንሽ የእርጥበት መለኪያ 5 በመቶ ቢዋሽ አይገርምም። ወደ ላይ ከዋሸ የማያስፈልግ ማሽን ያስገዛችኋል፤ ወደ ታች ከዋሸ ደግሞ ሻጋታው ቁም ሣጥን ጀርባ ሲያድግ ዝም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በጨው ፈትኑት።

የጠርሙስ ክዳን ጨው ሙሉ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት። ጨው እርጥብ አሸዋ መምሰል አለበት፤ ከሟሟ ውሃው በዝቷል። ክዳኑንና መለኪያውን ጎን ለጎን ላስቲኩ ውስጥ አስገቡ። ጨው መለኪያውን እንዳይነካው። ዚፑን ዝጉና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። የራሰ የገበታ ጨው በተዘጋ ቦታ ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው 71 ካለ 4 ይደብቃል ማለት ነው። «+4» ብላችሁ ፕላስተር ላይ ጻፉና ጀርባው ላይ ለጥፉበት።

ከዚያ መለኪያዎቹን መኝታ ቤት፣ ሳሎንና የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ላይ አስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ መዝግቡ። አንድ ቀን ማየት አይበቃም፤ አንድ ዝናባማ ቀን ወይም አንድ የልብስ እጥበት ውጤቱን ያዛባዋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ከተቻለም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሁን ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ሻጋታና የአቧራ ተባይ ይመቻቸዋል። ሲያንስ ደግሞ ጉሮሮ ይደርቃል፣ የእንጨት ዕቃም ይሰነጠቃል።

ደረጃ 2፦ ውሃው የሚመጣው ከውስጥ ነው ከውጭ?

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። ምን ዓይነት ቴርሞስታት እንደምትፈልጉ የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ የመሸከም አቅም ያገኛል፤ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ያንሳል። 0 ዲግሪ ላይ 100 በመቶ የረጠበ የውጭ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውጭው ጭጋግ ቢሆን እንኳ አየር ማስገባት ቤቱን ያደርቀዋል። አሁን ገልብጡት። ውጭ 30 ዲግሪና 70 በመቶ ነው፤ ቤቱ ደግሞ በኤሲ 24 ዲግሪ ሆኗል። ያ አየር ገብቶ ሲቀዘቅዝ 100 በመቶ ይጠጋል። ቀዝቃዛ ነገር ባገኘበት ሁሉ ውሃ ይጥላል። ያው ማናፈሻ በብርድ ወራት ያደርቃል፤ በወበቅ ወራት ውሃ ያስገባል።

ውስጥና ውጭን ለማነጻጸር የእርጥበቱ በመቶኛ አይረዳችሁም። የሚረዳችሁ የጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ ውሃ መጣል የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። ብዙ የአየር ሁኔታ አፖች ያሳዩታል። 21 ዲግሪና 50 በመቶ የሆነ ክፍል የጤዛ ነጥቡ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የውጭው የጤዛ ነጥብ ከዚያ በታች ከሆነ አየር ማስገባት ያደርቃል፤ በላይ ከሆነ ያረጥባል።

አሁን የሳምንቱን መዝገብ እዩት። ቁጥሩ ገላ ከታጠባችሁ ወይም ምግብ ካበሰላችሁ በኋላ ዘሎ ከተመለሰ ምንጩ ውስጥ ነው። የመታጠቢያ ቤትና የማእድ ቤት ፋን ብቻውን ሊፈታው ይችላል። ከውጭው የጤዛ ነጥብ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ከውጭ ነው። ቀንም ሌሊትም ሳይነቃነቅ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ በተለይ ታችኛው ወለል ላይ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ፈልጉ። እሱን ቴርሞስታት አያድነውም። መጀመሪያ ፍሳሹን ጠግኑ።

ደረጃ 3፦ የሚታዘዙትን ማሽኖች ዘርዝሩ

ወረቀት ላይ ያላችሁንና የምትጨምሩትን ጻፉ። ለእያንዳንዱ ማዘዣው ምን ዓይነት እንደሆነ ከማኑዋሉ እዩ።

- ሙቀት የሚመልስ ማናፈሻ፣ ኤችአርቪ። የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው ያስረክባል። እርጥበት አያስተላልፍም።
- ሙቀትም እርጥበትም የሚያስተላልፍ ማናፈሻ፣ ኢአርቪ። በወበቅ ወራት ከሚገባው እርጥበት ከፊሉን ይመልሳል። እርጥበት መምጠጫ ግን አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።
- የንጹህ አየር ማስገቢያ ዳምፐር። ከውጭ በሚመጣ ቱቦ ላይ ያለ በሞተር የሚከፈት ክዳን ነው። ቴርሞስታቱ እሱን ከፍቶ የማሞቂያውን ፋን ማስነሳት አለበት።
- እርጥበት መምጠጫ እና አየር ማርጠቢያ፣ ከቤቱ የአየር ቱቦ ጋር የተያያዙ ከሆኑ። ሶኬት ላይ የሚሰኩት ተንቀሳቃሾቹ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው መቆጣጠሪያ አላቸው።

የማዘዣውን ዓይነት ማወቅ ለምን ይጠቅማል? አንዳንድ ማሽን ከቴርሞስታቱ 24 ቮልት ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ሁለት ሽቦ እንዲነካካለት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቮልት ከላካችሁበት ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ብዙ ኤችአርቪዎች ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ለእነሱ ቮልት የማይልክ ማሰሪያ ያለው ቴርሞስታት ወይም በመካከል የሚገባ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ሽቦዎቹን ቁጠሩ

ብሬከር አጥፉ። የነባሩን ቴርሞስታት ፊት አውልቁ። ምንም ሳትነኩ ሦስት ፎቶ አንሱ፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ከዚያ በየሽቦው ላይ የማሰሪያውን ፊደል ጽፋችሁ ፕላስተር ጠቅልሉበት።

ፊደሎቹ በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፦ «አር» ኃይል ያመጣል፣ «ሲ» የመመለሻ መስመር ነው፣ «ደብልዩ» ማሞቂያ፣ «ዋይ» ኤሲ፣ «ጂ» ፋን። ቀለሙን አትመኑ። ቀዩ ሽቦ «አር» ላይ መሆን አለበት የሚል ሕግ ግድግዳው ውስጥ አልተጻፈም። የገጠመው ሰው የተረፈውን ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

«ሲ» ሽቦ መኖሩን በደንብ አጣሩ። ስማርት ቴርሞስታት ዋይፋይና ስክሪን ስላለው ሳይቋረጥ ኃይል ይፈልጋል። «ሲ» ከሌለ አንዳንዱ ከሌሎች ሽቦዎች ትንሽ ትንሽ ይሰርቃል። ውጤቱ ራሱን የሚያጠፋ ስክሪን ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ሪሌ ነው። ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልሎ የቀረ ትርፍ ሽቦ ካለ እሱን ለ«ሲ» መጠቀም ይቻላል፤ በሌላኛው ጫፍ ማሞቂያው ቦርድ ላይም መታሰር አለበት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያ ቀን ኤሲውን አጥፍቼ ማሞቂያውን ረሳሁት። «አር» እና «ሲ» ለአንድ ቅጽበት ተነካኩ። ድምፅ የለ፣ ብልጭታ የለ፤ ቤቱ ግን ሞተ። አዲሱ ቴርሞስታት የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ቀን ፈታሁ ገጠምኩ። የተቃጠለው ለካ ማሞቂያው ቦርድ ላይ ያለች፣ መኪና ውስጥ እንዳለው ዓይነት ባለ 3 አምፔር ሐምራዊ ፊውዝ ነበረች። ስክሪኑ ከገጠማችሁ በኋላ ካልበራ መጀመሪያ እሷን እዩ።

ደረጃ 5፦ የሚያስፈልገውን አየር አስሉ

አሽሬ የሚባለው የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበር ለመኖሪያ ቤት 62.2 የሚባል መስፈርት አለው። ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 0.15 ሊትር በሰከንድ። በዚያ ላይ የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት በ1 ጨምራችሁ በ3.5 አባዙና ደምሩት።

120 ካሬ ሜትር፣ 3 መኝታ ቤት ይሁን። 120 ሲባዛ በ0.15 18 ነው። 4 ሲባዛ በ3.5 14 ነው። ድምሩ 32 ሊትር በሰከንድ፣ በሰዓት 115 ሜትር ኩብ ገደማ።

ማናፈሻችሁ በሰከንድ 60 ሊትር ቢያንቀሳቅስ ከእያንዳንዱ ሰዓት 32 ደቂቃ ቢሠራ ይበቃል። ይህን ቁጥር ያዙት። የምትገዙት ቴርሞስታት «በሰዓት ይህን ያህል ደቂቃ» ብላችሁ የምታዙበት ቦታ ከሌለው ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ አሁን ምረጡ

ካታሎጉን ከፊት ገጹ አትጀምሩ። የሽቦ ሥዕሉ ያለበትን ገጽ አውጡ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ የላይኛውን ያላለፈ ወደ ታች አይወርድም።

ማሰሪያው። ከማሞቂያና ከኤሲ ውጭ ለተጨማሪ ማሽን የሚሆን ማሰሪያ አለው? ስንት? ለምሳሌ የኢኮቢ «ፕሪሚየም» ለዚህ የተለዩ «ኤሲሲ» የተጻፈባቸው ሁለት ማሰሪያዎች አሉት። የዚያው ድርጅት «ኢኮቢ 3 ላይት» የለውም። ከሩቅ ስታዩአቸው መንትያ ናቸው። የኔስት ለርኒንግ 3ኛ ትውልድ ባለ ኮከብ ምልክት አንድ ማሰሪያ አለው፤ እሱን ተጨማሪ ማሞቂያ ከያዘው ለማርጠቢያ የሚተርፍ የለም። አንዳንድ የሀኒዌል ሞዴሎች «ዩ» የሚል ማሰሪያ አላቸው፤ ለምን እንደሚውል ሴቲንግ ውስጥ ትመርጣላችሁ። የማሽኖቻችሁን ዝርዝር ከማሰሪያው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ማሽን ከበዛ ሞዴሉን ተዉት።

ማናፈሻ የሚል ምርጫ። ማሰሪያ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሶፍትዌሩ ለማርጠቢያ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ኤችአርቪውን አያዝላችሁም። በሰዓት ስንት ደቂቃ ማለት ይቻል እንደሆነም እዚሁ እዩ።

የውጭ አየር መዝጊያ። ደረጃ 2 ላይ ምንጩ ከውጭ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። የውጭው ሙቀት ወይም የጤዛ ነጥብ ከወሰናችሁት ሲያልፍ ማናፈሻውን የሚያቆም መሆን አለበት። ብዙዎቹ የውጭውን መረጃ ከኢንተርኔት ነው የሚያመጡት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ሰዓቱንና ገደቡን ራሱ ውስጥ የማይዝ ከሆነ እኔ አልገዛም።

በኤሲ ማድረቅ። እርጥበት ሲበዛ ኤሲውን ከተቀመጠው ሙቀት ትንሽ አሳልፎ የሚያሠራ ሞዴል አለ። የተለየ መምጠጫ ለሌለው ቤት ጥሩ ነው። ምን ያህል እንደሚያሳልፍ መወሰን መቻል አለባችሁ፤ አለበለዚያ ቤቱ እንደ ጉድጓድ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል።

የክፍል ሴንሰር። እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይታለላል። ከኢኮቢና ከኔስት ጋር የሚሸጡት የክፍል ሴንሰሮች ሙቀት እንጂ እርጥበት አይለኩም። የሀኒዌል ቲ9 እና ቲ10 ሴንሰሮች እርጥበትም ይለካሉ። ችግራችሁ አንድ ክፍል ላይ ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የአየር ጥራት ቁጥር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሳያለሁ የሚል ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይለካም። አንዳንዱ በአየር ውስጥ የሚተኑ ኬሚካሎችን ለክቶ ይገምታል። ሽቶ ስትረጩ ቁጥሩ ከዘለለ ግምት ነው። በኢንፍራሬድ የሚለካ ሴንሰር ያለው ብቻ ለማናፈሻ ትእዛዝ ይታመናል።

ድምፅ መስማቱን፣ የስክሪኑን ቀለም፣ የአፑን ውበት በመጨረሻ እዩ።

ደረጃ 7፦ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስቀሉ

ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ፣ የውስጥ ግድግዳ ላይ። ፀሐይ፣ ከኤሲ አፍ የሚወጣ አየር፣ የመታጠቢያ ቤት በርና ማእድ ቤት ይራቁት። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ወይም በማሸጊያ ድፈኑ። በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው አየር በቀዳዳው ወጥቶ ሴንሰሩ ጀርባ ላይ ይነፍሳል፤ ቴርሞስታቱም የክፍሉን ትቶ የግድግዳውን አየር ይለካል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ደረጃ 8፦ ሴቲንጉን ሙሉ

ፋኑን «አውቶ» ላይ አድርጉ። ኤሲ ሲጠፋ ቀዝቃዛ ክንፎቹ ላይ ውሃ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፋኑ መንፈሱን ከቀጠለ ያን ውሃ መልሶ ወደ ቤት ያተነዋል፤ እርጥብ ልብስ ፊት ቬንትሌተር እንደማቆም ነው። ኤሲ ከጠፋ በኋላ ፋኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ሴቲንግ ካለም በወበቅ ወራት ዜሮ አድርጉት።

ማናፈሻውን ደረጃ 5 ላይ ያገኛችሁትን ደቂቃ ስጡት። በኤሲ ማድረቅ ካለ ከ1 ዲግሪ ጀምሩ።

ማርጠቢያና መምጠጫ ሁለቱም ካሉ በመካከላቸው ቢያንስ 10 በመቶ ክፍተት ተዉ። ማርጠቢያው በ35 ቢቆም መምጠጫው በ50 ይጀምር። ሁለቱንም 45 ላይ ካደረጋችሁ አንዱ የጨመረውን ሌላው ሲቀንስ ያድራል።

ብርድ በሚበረታበት ቦታ የእርጥበት ግቡን ከውጭው ሙቀት ጋር ዝቅ አድርጉ፤ አለበለዚያ መስኮቱ ጤዛ ይቋጥራል፣ የመስኮቱ እንጨት ይበሰብሳል። የተለመደው መነሻ ይህ ነው፦

- ውጭ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲሆን፣ ውስጥ 35 በመቶ
- ከዜሮ በታች 12 ሲሆን፣ 30 በመቶ
- ከዜሮ በታች 18 ሲሆን፣ 25 በመቶ
- ከዜሮ በታች 23 ሲሆን፣ 20 በመቶ

ይህን ራሱ የሚያደርግ ቴርሞስታት አለ። መስኮታችሁ ባለ አንድ መስታወት ከሆነ ከዚህም ዝቅ በሉ።

አንድ ነገር ቀይሩና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ግድግዳው፣ ምንጣፉ፣ ልብሱ ሁሉ ውሃ ጠጥቷል፤ ቶሎ አይለቅም። በአንድ ቀን አምስት ሴቲንግ የሚቀይር ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

የተለመዱ ስህተቶች

*ኤችአርቪ በሚያደርቅበት ወቅት ማርጠቢያውን ከፍ ማድረግ።* በብርድ ወራት ቤቱ 25 በመቶ ከወረደ መጀመሪያ የማናፈሻውን ደቂቃ እዩ። ከሚያስፈልገው በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

*ትልቅ ኤሲን በቴርሞስታት ማረም።* ኤሲው ለቤቱ ከበዛ ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል። ውሃው ተጠራቅሞ ወደ መውረጃው ለመንጠባጠብ ጊዜ አያገኝም። ስማርት ቢሆንም ባይሆንም ቴርሞስታት ይህን አይለውጠውም፤ መምጠጫ ጨምሩ።

*የሞተ ፋን ማዘዝ።* የመታጠቢያ ቤቱን ፋን አብሩና አንድ ቁራጭ ሶፍት ወደ መረቡ አስጠጉ። ካልያዘው አየር እየወጣ አይደለም። ቱቦውም እስከ ውጭ ድረስ መሄዱን እዩ፤ ጣሪያ ስር የሚያበቃ ቱቦ እርጥበቱን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ማዛወር ነው።

*የቴርሞስታቱን ቁጥር እንደ ቃለ መሐላ መቀበል።* ከተሰቀለ ከአንድ ሳምንት በኋላ በጨው የፈተናችሁትን መለኪያ አጠገቡ አስቀምጡና ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነት ካለ ብዙ ቴርሞስታቶች ሴቲንግ ውስጥ ማስተካከያ አላቸው፤ መጀመሪያ መለኪያው በሚያሳየው ላይ ያችን ፕላስተር ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር ደምሩ፤ ከዚያ ድምሩ ከቴርሞስታቱ ቁጥር በስንት እንደሚለይ አስልታችሁ ልዩነቱን አስገቡ።